ወንጪ ሐይቅ ላይ በስኩባ ለመጥለቅ አቅደናል፤ ከፍታውንና የመልስ ጉዞውን እንዴት እናስላው?

የፒያሳው ጠላቂ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ፒያሳ ነው። ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ወንጪ ሐይቅ ወርደን በስኩባ (የታመቀ አየር ያለበት ሲሊንደር ተሸክመን) ለመጥለቅ እያቀድን ነው። ሦስታችንም የመጀመሪያውን የጠላቂነት ምስክር ወረቀት ያገኘነው ቀይ ባሕር ላይ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዳችን ከሃያ ጊዜ በላይ ጠልቀናል፤ ይሁን እንጂ ሁሉንም የጠለቅነው በባሕር ውስጥና አካባቢውን ከሚያውቅ መሪ ጋር ነው። በአገራችን ሐይቅ ውስጥ የመጥለቅ ልምድ ያለው ከመካከላችን አንድም የለም።

ያሰብነው፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከፒያሳ ተነስተን በወሊሶ መንገድ ወንጪ ለመግባት፣ ረፋድ ላይና ከሰዓት በኋላ አንዳንድ ጊዜ እስከ 18 ሜትር ለመጥለቅ፣ ማታውኑም ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ ነው። አንደኛው ጓደኛችን «እኛ የከፍታ ልጆች ስለሆንን የወንጪ ከፍታ አያሳስበንም» ይላል። ሌላው ደግሞ ውኃው ስለሚሞቅ ላንጋኖ ይሻላል ባይ ነው። አየር የምንሞላበትን መንገድም ገና አልወሰንንም። ልምድ ያላችሁ ሰዎች ዕቅዳችንን ሳትራሩለት እንድትመረምሩልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የአራት ኪሎው መምህር

ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ እጠልቃለሁም፤ ስለዚህ ከጓደኛዎ አባባል ልጀምር። በከፊል እውነት አለው። ከፒያሳ ተነስቶ ወንጪ የሚደርስ ሰው አካሉ ቀድሞውኑ ከባሕር ወለል ግፊት ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ከለመደበት ቦታ ስለሚመጣ፣ ከባሕር ዳር በቀጥታ ከሚመጣ ጠላቂ ይልቅ በደሙና በሥጋው ውስጥ የተሟሟው ናይትሮጅን ለሐይቁ ከፍታ ይቀርባል። ይህ ግን የሚጠቅማችሁ ወደ ውኃው እስክትገቡ ድረስ ብቻ ነው። ከገባችሁ በኋላ የሚገዛችሁ የሐይቁ ከፍታ እንጂ የትውልድ ቦታችሁ አይደለም።

የወንጪ ሐይቅ ወለል ወደ 2,900 ሜትር ይጠጋል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ባሕር ላይ ከ10 ሜትር ጥልቀት ወደ ላይ ስትወጡ በሳንባችሁ ያለው አየር መጠን እጥፍ ይሆናል፤ ወንጪ ላይ ከዚያው 10 ሜትር ስትወጡ ግን ወደ 2.4 እጥፍ ያድጋል። የናይትሮጅኑም አረፋ የመሆን ዝንባሌ በዚያው ልክ ይጨምራል። ስለዚህ በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየውን፣ ለባሕር የተዘጋጀ ሠንጠረዥ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ወንጪ ላይ የምትጠልቁትን 10 ሜትር እንደ 14፣ 18 ሜትሩን ደግሞ እንደ 25 ሜትር አድርጋችሁ መቁጠር አለባችሁ። የእናንተ የምስክር ወረቀት የሚፈቅደው እስከ 18 ሜትር ከሆነ፣ ዕቅዳችሁ በስሌት ከወዲሁ ወሰኑን አልፏል ማለት ነው። እኔ ብሆን 10 ሜትር ላይ አቆም ነበር። የመውጫ ፍጥነታችሁም በደቂቃ ከ9 ሜትር እንዳይበልጥ፤ ከዚያም ቢዘገይ መልካም ነው።

ዳይቭ ኮምፒውተር (ጥልቀትንና ጊዜን እየለካ የመቆያውን ወሰን የሚያሰላ መሣሪያ) ካላችሁ መመሪያውን ዛሬውኑ አንብቡ። አንዳንዱ የአካባቢውን ግፊት ራሱ ለክቶ ስሌቱን ያስተካክላል፣ አንዳንዱ ግን ከፍታውን በእጅ ካላስገቡለት ባሕር ላይ እንዳለ አድርጎ ይቆጥራል። ለዚህ ሁሉ መሠረት ከሆኑት ሥራዎች ዋነኛው የስዊዘርላንዱ ሐኪም አልበርት ቡልማን ያዘጋጀው የከፍታ ስሌት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በቲቲካካ ሐይቅ፣ ከ3,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በጠላቂዎች ተፈትኗል። ወንጪ ከዚያ ዝቅ ያለ ቢሆንም ከአብዛኞቹ መደበኛ ሠንጠረዦች የመጨረሻ ወሰን፣ ማለትም ከ3,000 ሜትር፣ ብዙም አይርቅም።

በዕቅዳችሁ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን «ማታውኑ እንመለሳለን» የሚለው ነው። ወንጪ የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ስለሆነ ከውኃው ወጥቶ የሚሄድ ሁሉ መጀመሪያ ወደ አፋፉ መውጣት ግድ ይለዋል። ከመጥለቅ በኋላ ከፍታ መጨመር ከመጥለቅ በኋላ በአውሮፕላን ከመብረር ጋር በባሕርዩ አንድ ነው። ለበረራ የተለመደው ምክር ከአንድ ቀላል ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋጋሚ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ ነው። ዳገቱን በእግር እየተጣደፉ መውጣት ደግሞ በሰውነት ውስጥ አረፋ እንዲበዛ ስለሚያደርግ ጉዳቱ ይደረባል።

ከካዛንቺስ

መምህሩ የጻፉትን በራሴ አካል ላይ የደረሰ ነገር ስለሚያጸናው፣ ላንጋኖ ይሻላል ለሚለው ጓደኛችሁ እንድትነግሩልኝ እፈልጋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ወዳጄ ጋር ላንጋኖ ላይ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ጠልቀን፣ ምሳችንን በልተን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ወደ ቤታችን ጉዞ ጀመርን። ላንጋኖ ከባሕር ወለል በላይ 1,585 ሜትር ላይ ስለሆነ «ዝቅተኛ ነው» ብለን ተዝናንተን ነበር። ያላሰብነው ነገር ቢኖር፣ ሐይቁ ዝቅ ባለ ቁጥር የቤታችን መንገድ ዳገት እንደሚሆን ነው። ዱከምን ስናልፍ ቀኝ ትከሻዬ ውስጥ ጥልቅ የሆነ፣ ብታሸውም የማይለቅ ሕመም ተሰማኝ፤ ካዛንቺስ ስንደርስ ክርኔም ተጨመረበት። ሲሊንደር ስሸከም ጡንቻዬ ተወጥሮ ይሆናል ብዬ በመተኛቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በማግስቱ በሕክምና ተቋም ኦክስጅን ተሰጥቶኝ ሕመሙ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። ጠላቂዎች ቤንድስ የሚሉት የዲኮምፕሬሽን ሕመም፣ ማለትም በሰውነት የተሟሟው ናይትሮጅን አረፋ ሲሆን የሚከተለው ሕመም፣ መጀመሪያ ሲመጣ እንዲህ ተራ ድካም መስሎ ነው፤ ስለዚህ ከጠለቃ በኋላ የተሰማችሁን ማንኛውንም የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም ያልተለመደ ድካም ሌላ ምክንያት አትፈልጉለት።

ይኸው ነገር ከጂቡቲ ጠልቀው በአውሮፕላን ለሚመለሱትም ይሠራል። ሌላ አገር ያለ ጠላቂ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ግፊቱ ይመለስለታል፤ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ግን 2,334 ሜትር ላይ ስለሆነ እኛ አርፈንም ከአውሮፕላኑ ውስጥ ግፊት ብዙም ወደማይለይ ግፊት ነው የምንወርደው፤ ሌሊቱንም በዚያው እናድራለን።

ላንጋኖን በተመለከተ ደግሞ፣ ውኃው በረቂቅ ደለል ቡናማ ስለሆነ የተዘረጋ እጄን ጣቶች ለመቁጠር እስኪያቅተኝ ድረስ ነው የጠለቅሁት። ለመዋኘት ደስ የሚል ሐይቅ ነው፤ ለማየት ለሚጠልቅ ግን አይሆንም።

ስለ አየር፦ የጎማ ቤት ኮምፕሬሰር በምንም ምክንያት አይታሰብ። ግፊቱ ለስኩባ ሲሊንደር ከሚያስፈልገው 200 ባር ጋር ፈጽሞ አይቀራረብም፣ የዘይት ጭስና ካርቦን ሞኖክሳይድም ይቀላቀልበታል። ለመተንፈሻ አየር ተብሎ የተሠራና የማጣሪያው ጊዜ ያላለፈ ተንቀሳቃሽ ኮምፕሬሰር ያስፈልጋችኋል። ሙሌቱን አዲስ አበባ ላይ ጨርሳችሁ ሂዱ፤ እዚያ መሙላት የግድ ከሆነባችሁ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ ሙሌቱ ከለመዳችሁት በላይ ጊዜ እንደሚወስድ አስቡ፣ የሞተሩም ጭስ ወደ መሳቢያው እንዳይነፍስ የነፋሱን አቅጣጫ እያያችሁ ትከሉት። ሦስት ሰው አንድ አንድ ጊዜ ቢጠልቅ ከአንድ መጠባበቂያ ጋር አራት ሲሊንደር ይበቃል፤ ይህም ሁለተኛውን ጠለቃ ለመተው ሌላ ጥሩ ምክንያት ነው። ጭንብል ያለው የኦክስጅን ሲሊንደርም አብሮ ይጫን። ከመነሳታችሁ በፊት ዳን የተባለው የጠላቂዎች ድርጅት ለድንገተኛ ጊዜ የሚሰጠውን ስልክ ያዙ፤ የግፊት ሕክምና ክፍል ያለበትን ቦታም ከወዲሁ ጠይቁ።

የወሊሶ ልጅ

የመጥለቅን ነገር ለሚያውቁት ትቼ ስለ አገሩ ጥቂት ልበል። ወንጪ ቂርቆስ ገዳም ያለው በሐይቁ ደሴት ላይ ነው። በደሴቱ ዙሪያ ለመጥለቅ አታስቡ፤ ከዚያ ርቃችሁም ቢሆን ልብስና ሲሊንደር ለብሳችሁ ከመግባታችሁ በፊት አባቶችንና የቀበሌውን አስተዳደር አስፈቅዱ፤ ምን ልትሠሩ እንደመጣችሁም በግልጽ ንገሯቸው። የአካባቢው ወጣቶች ተደራጅተው ፈረስና ጀልባ ያቀርባሉ። ጀልባ ቀዛፊውን የምትቀጥሩት ለመሻገሪያ ብቻ ሳይሆን እናንተ ውኃ ውስጥ እስካላችሁ ድረስ ከላይ እንዲጠብቃችሁ ነው፤ ወደ ላይ የሚወጣውን የትንፋሽ አረፋችሁን እንዴት እንደሚከታተልና ለእርዳታ ስትጠሩ የምታሳዩትን ምልክት አስቀድማችሁ አስተምሩት። ዳገቱን ስትወጡ ዕቃውንም ራሳችሁንም ፈረስ ይሸከም።

በሐይቁ ግርጌ ላይ ሸክላ፣ መስቀል ወይም የታንኳ ስባሪ ብታዩ እጃችሁን አትዘርጉ። ቅርስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጠበቀ ነው፤ ከዚያም በላይ ያገሬው ሰው አንድ ጊዜ ካዘነባችሁ ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው ጠላቂ በሩ ይዘጋል።

የአራት ኪሎው መምህር

አንድ የረሳሁት ነገር አለ። ባሕር ውስጥ የለመዳችሁትን የክብደት ቀበቶ እንዳለ ብትታጠቁ ትሰጥማላችሁ፤ በጨዋማ ያልሆነ ውኃ ውስጥ ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ መቀነስ የተለመደ ነው። ወንጪ ቀዝቃዛ ስለሆነ ወፍራም ዌትሱት (ሙቀት የሚይዝ የመጥለቂያ የጎማ ልብስ) መልበሳችሁ አይቀርም፤ ወፍራም ልብስ ደግሞ የበለጠ ስለሚያንሳፍፍ ትክክለኛውን ክብደት በግምት አታገኙትም። ልብሱን ለብሳችሁ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ለኩት።

የፒያሳው ጠላቂ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ሦስታችንም አንድ ላይ ሆነን መልሶቹን አነበብን፤ «የከፍታ ልጆች» ያለው ጓደኛችንም ስሌቱን በራሱ እጅ ሠርቶ አምኗል። አዲሱ ዕቅድ ይህ ነው፦ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወንጪ ገብተን አባቶችንና አስተዳደሩን እናስፈቅዳለን፣ ከጀልባ ቀዛፊው ጋር እንነጋገራለን፣ በሐይቁ ዳርም ድንኳን ተክለን እናድራለን። ቅዳሜ ጠዋት እያንዳንዳችን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከ10 ሜትር ሳናልፍ እንጠልቃለን። ቅዳሜን ሙሉ ከውኃው አጠገብ ሳንርቅ እንውላለን፣ ሁለተኛ ሌሊትም እዚያው እናድራለን፣ እሑድ ረፋድ ላይ በፈረስ ወደ አፋፉ እንወጣለን። በጥር ሌሊት ሁለት ቀን ድንኳን ውስጥ ማደር ብርዱ ከባድ እንደሚሆን እናውቃለን፤ ብርድ ልብስ እንጨምራለን።

ከጉዞው በፊት፣ በሚመጣው እሑድ ጠዋት፣ መስቀል አደባባይ አካባቢ ባለ ሆቴል መዋኛ ገንዳ ውስጥ የቀበቶአችንን ክብደት እንለካለን። መምህር፣ ጊዜ ካለዎት መጥተው ቢያዩን ትልቅ ውለታ ይሆንልናል፤ ሰዓቱን በግል መልእክት እልክልዎታለሁ።