የደብረ ዳሞ ግድግዳ፦ የዝንጀሮ ራሶቹ ጌጥ ናቸው ወይስ ሥራ አላቸው?

ሕሊና_አርክ፦
የደብረ ዳሞን የአቡነ አረጋዊ ቤተ ክርስቲያን በ1፡20 ሞዴል እየሠራሁ ነው። ከግድግዳው ብቅ ብቅ ያሉት ክብ የእንጨት ጫፎች፣ የዝንጀሮ ራስ የሚባሉት፣ በኋላ የተለጠፉ ናቸው ወይስ ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ? ገዳሙ ለሴት ስለማይፈቀድ ወጥቼ ማየት አልችልም፤ ፎቶ ደግሞ ውስጡን አያሳይም።

ጥድና_ወይራ፦
እንዳትለጥፊያቸው፤ ሥራቸው ማሰር ነው። ግድግዳው ትንንሽ ድንጋይ በጭቃ ነው፤ ብቻውን ቢቆም ክብደቱ ሲጫነው ሆዱ ይገፋል። ስለዚህ በየተወሰነ ከፍታ ሁለት ረጃጅም አግዳሚዎች፣ አንዱ በውጭ አንዱ በውስጥ ገጽ፣ ከግድግዳው ጋር እኩል ሆነው ይጋደማሉ። በላያቸው ግድግዳውን አቋርጦ የሚያልፍ አጭር ግንድ ይቀመጣል። ግንዱ አግዳሚዎቹን በሚነካበት ቦታ ስለሚቦረቦር ሁለቱን ነክሶ ይይዛል፤ የተረፈው ጫፉ ነው ራሱ። ከዚያ ድንጋይና ጭቃ፣ ከዚያ እንደገና አግዳሚ። 15 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ግንድ በሞዴልሽ 7.5 ሚ.ሜ. ይሆናል፤ ቡርቡሩን ካልሠራሽው ዋናው ነገር ቀረ።

ገባ ወጣ ያለውን ቅርጽም አትዝለዪው። በጭቃ የተያያዘ ቀጥ ያለ ረጅም ግድግዳ በቀላሉ ያጋድላል፤ ማዕዘን ሲበዛ ይደገፋል።

የሰሜን_ግንበኛ፦
ከላይ ያለው ትክክል ነው። የምጨምረው ስለ እርጥበት ነው፦ ዝናብ መጀመሪያ የሚገባው በተቆረጠው የግንድ ጫፍ በኩል ስለሆነ መበስበስም ከዚያ ይጀምራል። እንዲህ ያለ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን የገባው ውኃ መውጫ ያጣል፣ እንጨቱ ውስጥ ውስጡን ያልቃል፤ ከውጭ ግን ደህና ይመስላል። መጠገን ያለበት በጭቃ ወይም በኖራ ነው። የዳሞው በ1948 እ.ኤ.አ. በእንግሊዛዊው አርክቴክት ዴሪክ ማቲውስ ስለታደሰ፣ የምታዪው እንጨት ሁሉ ጥንታዊ ነው ብለሽ አትነሺ።

ሕሊና_አርክ፦
አመሰግናለሁ። በአካል ሄጄ የማየው ተመሳሳይ ሥራ ይኖራል?

ጥድና_ወይራ፦
ላሊበላ አቅራቢያ ዋሻ ውስጥ ያለው ይምርሐነ ክርስቶስ። አግዳሚውና በነጭ የተለሰነው ድንጋይ እየተፈራረቁ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፤ ዋሻው ከዝናብ ስለጠበቀው እንጨቱም በደንብ ቆይቷል። ክብ ራሶቹን ግን ግድግዳው ላይ አታገኚም። ለነሱ አክሱም ሂጂና በ2005 እ.ኤ.አ. ከሮም የተመለሰውን ሐውልት እዪ፦ ረድፍ በረድፍ ድንጋይ ላይ ተቀርጸዋል። እዚያ ግን በእርግጥም ጌጥ ብቻ ናቸው።