«ፋይቭ ኤንድ ዳይም» ምን ብለን እንተርጉመው?

ሰላም ቤተሰብ፣ አንዲት የፔንሲልቬንያ ሴትዮ የልጅነት ትዝታዋን የጻፈችውን እየተረጎምኩ ነው፣ በየገጹ «ፋይቭ ኤንድ ዳይም» የሚባል ሱቅ ይመጣል። «ርካሽ ዕቃ መሸጫ» ማለት ለናፍቆቷ ቀለለብኝ። ዶላር ስቶር ልበለው ወይስ ሌላ ቃል አላችሁ?

— — —

ቃል በቃል «የአምስትና የአስር ሳንቲም ሱቅ» ነው፣ ኒክል አምስት ዳይም አስር። ርካሽ የሚለውን ተወው፣ እኛ ጋ ርካሽ ሲባል ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ ነው የሚታሰበው። የነዚህ ሱቆች ቁም ነገር ዋጋው የተቆረጠ መሆኑ ነው። ፍራንክ ዉልዎርዝ የሚባል ነጋዴ በፈረንጆቹ 1879 ኒውዮርክ ስቴት ዩቲካ ከተማ ሁሉም ዕቃ አምስት ሳንቲም የሆነበት ሱቅ ከፍቶ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋበት፣ በዛው ዓመት ላንካስተር ፔንሲልቬንያ ሄዶ ሲሞክር ሰመረለት፣ ኋላ የአስር ሳንቲም ዕቃ ሲጨምርበት ስሙ በዛው ጸና። በፊት እኮ አብዛኛው ዕቃ ከባንኮኒ ጀርባ ነበር፣ አውርዱልኝ ማለት አለ ስንት ነው ማለት አለ። እዚህ ግን ክሩም አዝራሩም ሪባኑም አሻንጉሊቱም ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይዳሰሳል፣ ከረሜላው በመስታወት በተከፋፈለ ሳጥን ተሞልቶ እየተዛቀ በሚዛን ይሸጣል፣ ከእንጨት ወለሉ ሲጢጥ ሲጢጥ ማለት ጋር። እና አስር ሳንቲም የጨበጠች ልጅ ማንንም ሳትለማመጥ የፈለገችውን መርጣ ከፍላ ትወጣለች! ለኔ ሴትዮዋን የሚናፍቃት ይሄ ነው።

ዶላር ስቶር ግን አትበለው፣ ዘመኑ ይጠፋብሃል። የዉልዎርዝ ኩባንያ ራሱ በ1932 የዋጋውን ጣሪያ ወደ 20 ሳንቲም ከፍ አድርጎ በ1935 ጨርሶ አንስቶታል፣ ስሙ ግን ሰው አፍ ላይ ቀረ። የአሜሪካ ሱቆቹ የተዘጉት በ1997 ነው።

— — —

በተባለው እስማማለሁ፣ ግን እዛ ውስጥ የምሳ ባንኮኒም ነበር፣ ትርጉምህ ላይ «ምግብ ቤት» ብለህ እንዳታልፈው። ያኔ የአሜሪካ ደቡብ ውስጥ ጥቁር ደንበኛ ሳሙናና ደብተር ይሸጥለት ነበር፣ ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ ቡና ልጠጣ ቢል ግን አይስተናገድም ነበር። ፌብሯሪ 1 ቀን 1960 ግሪንስቦሮ ኖርዝ ካሮላይና አራት ጥቁር ተማሪዎች የዉልዎርዝ ሱቅ ገብተው መጀመሪያ ዕቃ ገዙ፣ ከዛ ሄደው ቁጭ አሉና ቡና አዘዙ፣ አልተሰጣቸውም እነሱም እስኪዘጋ አልተነሱም፣ በማግስቱ ሌሎች ተጨመሩ፣ በጁላይ መጨረሻ ሱቁ እጅ ሰጥቶ ጥቁሮችንም ባንኮኒው ላይ ማስተናገድ ጀመረ። ናፍቆቱ እውነት ነው ግን የሁሉም ሰው ናፍቆት አይደለም፣ የግርጌ ማስታወሻ ብታስገባ ደስ ይለኛል። ዲሲ ያላችሁ የባንኮኒውን ቁራጭ ስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ሄዳችሁ እዩት፣ ከነወንበሮቹ ነው ያለው።

— — —

ስለ ዳይም ከተነሳ አይቀር፣ ትዝታው ውስጥ ሊገጥሙህ የሚችሉ ፈሊጦች ልጨምር። «ኤ ዳይም ኤ ደዘን» ማለት የትም የሚገኝ፣ በየመንገዱ የሚለቀም። «ኒክል ኤንድ ዳይም» ግስ ሲሆን ሰውን በጥቃቅን ክፍያ እየቆነጠሩ ኪሱን ማራቆት ነው፣ እዚህ የምንኖር በየቢሉ እናውቀዋለን። «ስቶፕ ኦን ኤ ዳይም» ድንገት ቀጥ ብሎ መቆም ነው፣ ዳይም ዋጋው የኒክል እጥፍ ሆኖ በመጠን ያንሳል፣ ድሮ ከብር ይሠራ ስለነበር፣ እሷን በምታክል ቦታ መቆም ማለት ነው። «ድሮፕ ኤ ዳይም» ደግሞ መጠቆም፣ የመንገድ ስልክ አስር ሳንቲም በነበረበት ዘመን ሳንቲም ጥለህ ፖሊስ ጋ ትደውላለህ። «ዳይም የለኝም» ካለች ሳታመነታ «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» በላት።

— — —

እግዜር ይስጥልኝ። መጀመሪያ ሲመጣ «የአምስትና የአስር ሳንቲም ሱቅ» ከዛ በኋላ «የሳንቲም ሱቅ» እያልኩ ልቀጥል ነው፣ ማስታወሻውንም አስገባለሁ።