ለታማሚ ሲባል አስፋልት ላይ ጭድ? እውነት ነው ወይስ ተረት?

ጠያቂ (ቱሉ ዲምቱ)፦
ሰላም ቤተሰብ። ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። አባቴ ስትሮክ መትቶት ከተኛ ሦስት ሳምንቱ። ከሥር ያለው ግሮሰሪ ስፒከሩን በረንዳ ላይ አውጥቶታል። ሌሊት ደግሞ ገልባጭ መኪና ባዶውን ሲያልፍ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ትናንት መጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ ደርቤ ሰቀልኩ፤ ምንም ለውጥ የለም።
ሆቴል ሙያ የተማረች እህቴ ምን አለችኝ? ሚላን ውስጥ ቨርዲ የሚባል ሙዚቀኛ ሆቴል ታሞ ሲተኛ፣ ጋሪ እንዳይረብሸው መንገዱ ላይ ጭድ ተነጠፈለት። እኔ ጭድ የማውቀው ለጭቃ ቤት ምርጊት ነው። እውነት ነው ወይስ ልታጽናናኝ ፈጥራ ነው?

ከጣሊያን ተመላሽ (ለገጣፎ)፦
እግዜር ይማርልህ ወንድሜ። እህትህ እውነቷን ነው። ሆቴሉ ግራንድ ሆቴል ኤ ደ ሚላን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1863 ነው የተከፈተው። እዚያ ሰው ቤት ስሠራ ማንዞኒ ጎዳና ላይ በበሩ አልፍ ነበር። ለላ ስካላ ቲያትር ቅርብ ስለሆነ ሽማግሌው ቨርዲ ሚላን ሲመጣ ማረፊያው እሱ ነበር። ጃንዋሪ 21፣ 1901 ልብሱን ሲለብስ ስትሮክ መታው፤ ዕድሜው 87። መንገዱ ድንጋይ ንጣፍ ነበር። የፈረስ ኮቴና የጋሪ ጎማ ሲያንኳኳው አስበው! ጭዱ ለዚያ ነው። ጃንዋሪ 27 አረፈ። ውይ፣ ይቅርታ፣ ይሄን ላንተ መጻፍ አልነበረብኝም።

ሸክላ ሰብሳቢው (ሰበታ)፦
ቨርዲ እኮ የኦፔራ «አይዳ» ደራሲ ነው! ታሪኩ ላይ አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። በ1871 መጀመሪያ የታየው ካይሮ ነው። እኛ ሰፈር ብቻ ሦስት አይዳ አለች፤ አንዷም ይህን አታውቅም።
ደግሞ ስማ፣ ቨርዲ ባረፈ በዓመቱ፣ ሚያዝያ 1902፣ ካሩሶ የሚባል የኦፔራ ዘፋኝ እዚያው ሆቴል ውስጥ አሥር ዘፈን ለሸክላ ቀዳ። ክፍያው 100 ፓውንድ። ጸጥ በሉ የተባለበት ቤት ያን ሁሉ ድምፅ አስተናገደ።

እማማ (ቃሊቲ)፦
ልጄ፣ ጭዱን ተወው። የዕድራችሁን ዳኛና ሁለት ሽማግሌ ይዘህ ባለ ግሮሰሪውን አነጋግረው። በጠብ አትሂድ፤ ስለ ታመመው አባትህ ብለህ ለምነው።

ጠያቂ፦
እማማ፣ ሄድን። ስፒከሩን ወደ ውስጥ አስገባልን፤ ጭራሽ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጣ። ገልባጩ ግን ያው ነው። የጭዱን ነገር ለአባቴ ሳወራለት በግማሽ አፉ ሳቀ። «ለእኔ... የጤፍ... ይሁን» አለ፤ እየተንተባተበ።