ከሀረጎ ስንወርድ ዳገት የሚመስለው መንገድ፣ እውነት ማግኔት አለ?

የአይሱዙው ልጅ፦
ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች እንዴት ናችሁ። እኔ ከደሴ ኮምቦልቻ እቃ አመላልሳለሁ እና አንድ ነገር ሁሌ ይገርመኛል። ሀረጎን ወርደህ ኃይለኛው ቁልቁለት ሲያልቅ ፊትህ ያለው መንገድ ትንሽ ዳገት ይመስላል፣ ነዳጅ ልርገጥ ስትል መኪናው ሳትነካው እራሱ ይፈጥናል። ጭነት ስላለ ነው እንዳልል ባዶውንም ያው ነው። ረዳቴ "መሬቱ ማግኔት አለው፣ ብረት ይስባል" ብሎ ድርቅ ብሏል። ደሞ ጉም ሲሆን (የደሴን ጉም ታውቁታላችሁ) ከፊቴ ያለው መኪና ሩቅ ይመስለኝና ድንገት አፍንጫዬ ስር ነው። ዓይኔን ልመርመር ወይስ ሁላችሁም እንዲህ ነው የሚታያችሁ? የሰው ነፍስ ያለበት ስራ ስለሆነ የሚያውቅ በደንብ ያስረዳኝ።

ጦሳ ስር፦
አብሽር ወንድሜ አንተ ብቻ አይደለህም፣ እኔ ተሳፋሪ ሆኜ ራሱ ይታየኛል። የማግኔቱን ወሬ ግን እኔም ማጣራት እፈልጋለሁ።

መምህር ከኮምቦልቻ፦
ማግኔት አይደለም። ማግኔት ቢሆን ብረቱን ይስብ ነበር እንጂ ውሃ አይስብም፣ እዛው ቦታ ከጀሪካን ውሃ ብታፈስ መኪናው በሄደበት በኩል ነው የሚወርደው። ነገሩ ያለው ዓይናችን ላይ ነው፣ እንደውም ከዓይን ይልቅ አእምሯችን ላይ። ተዳፋትን ዓይን ለብቻው አይለካውም፣ ዙሪያውን ካለው ነገር ጋር እያስተያየ ነው የሚገምተው። ሜዳ አገር ሰማይና ምድር የሚገጥሙበት መስመር ወለል ብሎ ይታያል፣ ልክህን ከሱ ታገኛለህ። እኛ ጋ ግራ ቀኙ ተራራ ነው፣ መስመሩ ተሸፍኗል፣ ስለዚህ አእምሮ ያገኘውን ያዘመመ ነገር ሁሉ ልክ ነው ብሎ ይይዛል።

በዛ ላይ ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1850 ገደማ፣ ወደ 25 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ 650 ሜትር ያህል ወረድክ ማለት ነው። ኃይለኛ ቁልቁለት ሲያይ የቆየ ዓይን ለስለስ ያለ ቁልቁለት ሲመጣለት ሜዳ ያደርገዋል፣ አንዳንዴም ዳገት። እንዲህ ያለ ቦታ በብዙ አገር አለ፣ ሰው መኪናውን ኑትራል አድርጎ "ሽቅብ ሄደልኝ" እያለ ቪዲዮ ይቀርጽበታል። የጣሊያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ጠረጴዛ ላይ በሰሩት ትንሽ የመንገድ ሞዴል ይሄንኑ አሳይተዋል፣ ከኃይለኛ ቁልቁለት ጋር የተያያዘ ቀለል ያለ ቁልቁለት ለተመልካቹ ዳገት ሆኖ ታይቷል፣ ማግኔት የሚባል ነገር ሳይኖር።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ የወጣው ጥናት ነው። ሰዎች ዳገት ስር ቆመው ገምቱ ሲባሉ 5 ዲግሪ የሆነውን 20 ዲግሪ አካባቢ ነው ያሉት። እጃቸውን ሳያዩ ሰሌዳ በመዳፋቸው አዘንብለው እንዲያሳዩ ሲደረግ ግን ለእውነቱ በጣም ቀረቡ! ያው ሰው፣ ያው ዳገት።

የድሮ ሹፌር፦
ልጄ፣ መምህሩ ያለው ልክ ነው፣ እኔ ግን ከመንገዱ ይልቅ የምፈራልህ ፍጥነቱን ነው። ቁልቁለቱን ፈጠን ብለህ ከመጣህ ዓይንህ ፍጥነቱን ይለምደዋል፣ ኮምቦልቻ ከተማ ስትገባ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የእግር እርምጃ መስሎ ይታይሃል፣ እዛ ደሞ ባጃጅ አለ፣ ልጅ ይሻገራል። እና በስሜት ሳይሆን ጌጁን እያየህ ቀንስ። ዳገቱን ስትወጣ በያዝከው ማርሽ ውረድ፣ ሞተሩ ይያዘው፣ ፍሬን ብቻ እየረገጥክ ከወረድክ ግሎ ይከዳሃል። ኑትራል አድርጌ ልሞክረው የሚባል ነገር ሀረጎ ላይ እንዳታስበው፣ አደራ።

ሰዓዳ ወሎ፦
ስለ ጉሙ እኔ ልመልስ፣ ስለዚህ ነገር ብዙ አንብቤያለሁ። ዓይንህ ጤነኛ ነው ወንድሜ። አእምሯችን የደበዘዘ ነገር ሲያይ ሩቅ ነው ይላል፣ ምክንያቱም ሩቅ ያለ ተራራ በአየሩ ምክንያት ሁሌ ስለሚደበዝዝ ነው፣ በተቃራኒው ዝናብ አባርቶ አየሩ የጠራ ቀን የጦሳን ተራራ ስታየው በእጅህ የምትነካው ነው የሚመስልህ። ጉም ደሞ ቅርቡን መኪና ስለሚያደበዝዘው ሩቅ አድርጎ ያሳይሃል።

ፍጥነት ላይ ግን ነገሩ አከራካሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ጥናት ሰው በጉም ውስጥ ፍጥነቱ ያነሰ ስለሚመስለው ሳያውቀው ይፈጥናል ብሎ ነበር፣ ብዙ ቦታ እስካሁን የሚጠቀሰው እሱ ነው። በ2012 ደሞ ጀርመን ያሉ ተመራማሪዎች የድሮው ሙከራ ቅርቡንም ሩቁንም እኩል ነው ያደበዘዘው፣ እውነተኛ ጉም ግን ቅርቡን ትቶ ሩቁን ነው የሚጋርደው አሉ፣ እንደዛ አድርገው ሲሞክሩት ሰዎቹ እንደውም ፈጣን የሆኑ መስሏቸው ቀነሱ። እኔን ሁለተኛው ነው ያሳመነኝ። ስለዚህ ጉም ውስጥ አጥብቀህ የምትጠራጠረው ርቀቱን ይሁን፣ "ገና ነው" ያለህ መኪና ደርሶብሃል።

የአይሱዙው ልጅ፦
አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ የድሮ ሹፌር ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ። ረዳቴ ግን አሁንም በማግኔቱ እንደጸና ነው 😀 ከግንበኛ ውሃ ልክ ተውሼ ላሳየው ነው፣ ዳሽቦርዱ ላይ ባስቀምጠው ይሰራል?

መምህር ከኮምቦልቻ፦
ዳሽቦርዱ ላይ አይሆንም፣ ባሌስትራው ስለሚያዘም መኪናው ራሱ ልክ አይደለም። መኪናውን ከመንገድ አውጥተህ አቁም፣ ረዳትህ የሚመጣውን መኪና ይይልህ፣ አንተ አስፋልቱ ዳር ረዘም ያለ ቀጥ ያለ ጣውላ በመንገዱ አቅጣጫ አጋድመህ ውሃ ልኩን ከላዩ አድርግ። አረፋዋ ሁሌ ወደ ከፍተኛው ጎን ነው የምትሄደው፣ ወደ ደሴ በኩል ከሄደች መንገዱ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ነው ማለት ነው። ከዛ ሁለታችሁም ቀና ብላችሁ መንገዱን እዩት፣ ለክታችሁም ቢሆን ዳገት ሆኖ ነው የሚታያችሁ፣ ማወቅ ዓይንን አያርመውም። ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልን፣ ተማሪዎቼን አሳይበታለሁ።