ግዴታቸውን ብቻ ለሚሠሩ ነባር መካኒክ ማስጠንቀቂያ መጻፍ ተገቢ ነውን?

ጠያቂ፦ የሐረጎ መንገደኛ

ሰላም ለሁላችሁም። ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ፤ መኖሪያዬ ደሴ ስለሆነ በየቀኑ ሐረጎን ወርጄ ማታ መልሼ እወጣለሁ። ምክር የምጠይቃችሁ በሥሬ ስላሉ አንድ ነባር የጥገና ባለሙያ ነው። በዕድሜም በአገልግሎትም ስለሚበልጡኝ «ጋሼ» ብዬ ነው የምጠራቸው።

እኒህ ሰው ጠዋት ሲገቡ ቱታቸውን ለብሰው በቀጥታ ወደ መሣሪያ ክፍል አይሄዱም ነበር። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በክር መፍተያ ማሽኖቹ መካከል ቀስ እያሉ ያልፋሉ፤ አንዱ ጋ ሲደርሱ ይቆሙና መዳፋቸውን ሽፋኑ ላይ አሳርፈው ጥቂት ያዳምጣሉ፤ ከዚያም «የዚህ ኩሽኔታ ሳምንት አይዘልቅም፣ በምሳ ሰዓት እንቀይረው» ይላሉ። ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት ባለኳስ ቀለበት) ሲፈታ ኳሶቹ ተበልተው፣ ግራሶው እንደ ጥቀርሻ ጠቁሮ ይገኛል። በ2014 ዓ.ም. ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካው እንደገና ሲነሣ፣ ከተሰባበሩት ማሽኖች ላይ ደህናውን ዕቃ እየፈቱ ሌሎቹን ያስነሡት እሳቸውና ጥቂት ባልደረቦቻቸው ናቸው።

ከጊዜ በኋላ የጥገና ክፍል ኃላፊነት ቦታ ክፍት ሆነና እሳቸውም ተወዳደሩ። ቦታው ዲግሪ ላለው ከውጭ ለመጣ ሰው ተሰጠ። እኔን ያሳዘነኝ ይህ ብቻ አይደለም፤ ውጤቱን ማንም ጠርቶ ሳይነግራቸው፣ ከሌላው ሠራተኛ ጋር ተጋፍተው ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ማንበባቸው ነው። ብዙም ሳይቆይ አዲስ የተቀጠሩ ልጆች ደመወዝ የእሳቸውን ሊደርስ ጥቂት እንደቀረው ሰሙ።

ከዚያ ወዲህ በሰዓታቸው ይገባሉ፣ የሥራ ማዘዣ ሲደርሳቸው እንደ ቀድሞው በጥራት ይሠራሉ፣ ሰዓታቸው ሲሞላ ይወጣሉ። የጠዋቱ ዙረት ግን ቀርቷል፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሲደወልላቸውም ስልክ አያነሡም። በቅርቡ አንድ ኩሽኔታ ተቃጥሎ ማሽኑ ፈረቃውን ሙሉ ቆሞ ዋለ። ሥራ አስኪያጁም «ይህ ሰው ሆን ብሎ ነው፤ ማስጠንቀቂያ ጻፊለት፣ የአፈጻጸም ነጥቡንም ዝቅ አድርጊ» ብሎኛል። ምን ብዬ እጽፋለሁ? ያልተሠራ የታዘዘ ሥራ ብፈልግ አላገኘሁም።

ከቦርከና ማዶ

እህቴ፣ በሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ስላገለገልሁ ከሕጉ ልጀምር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የሚያበቁ ጥፋቶችን ለይቶ አስቀምጧል፤ ለምሳሌ በጽሑፍ እየተነገረው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ማርፈድ፣ ወይም በዚሁ ጊዜ በድምሩ 5 ቀን ከሥራ መቅረት። በሰዓቱ ገብቶ የታዘዘውን በጥራት ሠርቶ መውጣት የትኛውም ጥፋት ውስጥ አይገባም። ደብዳቤው ላይ የሚሰፍረው የሥራ አስኪያጁ ቁጣ ሳይሆን የእርስዎ ፊርማ ነው፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ምክንያቱን እንዲያስረዱ የሚጠሩትም እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ።

የስልኩን ነገር በተመለከተ፣ በሕጉ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰዓት የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለው፤ በቀን ሲሆን መደበኛው የሰዓት ክፍያ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። እኒህ ሰው በሌሊት ተጠርተው ሲመጡ ይህ ይከፈላቸው ነበርን? ይህን የምጠይቀው የትርፍ ሰዓት ክፍያ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ፣ ማለትም የመጠየቂያው ጊዜ በማለፉ፣ ስለሚታገድ ነው። ብዙ ሠራተኛ ይሉኝታ ይዞት ዝም ሲል መብቱ ያልፍበታል፤ በኋላ ቅሬታው ብቻ ይቀርና እንደሚያዩት ዓይነት ዝምታ ይሆናል።

ደግሞም አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። ይኸው አዋጅ ሠራተኛው የሥራ ባልደረቦቹን ለአደጋ የሚያጋልጥ ወይም የድርጅቱን ጥቅም የሚጎዳ ነገር ሲያጋጥመው ወዲያውኑ ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ስለዚህ ማሽኑ ሊቃጠል መሆኑን አውቀው ዝም ካሉ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ዞሮ ያልፈተሸን ሰው ግን «ለምን አልሰማህም?» ብሎ መጠየቅ አይቻልም።

ሥራ ላይ ያለ ወጣት

እኔም እንደ ጋሼ የታዘዙትን ብቻ ከሚሠሩት ነኝና በአጭሩ ልናገር። ሰው ሁሉ ስንፍና ይለዋል፤ ስንፍና አይደለም። አንድ የሥራ ማሻሻያ ሐሳብ ጽፌ ለአለቃዬ ሰጠሁት፣ በስብሰባ ላይ የራሱ አድርጎ አቀረበው፣ ተጨበጨበለት። ከዚያ በኋላ የታዘዝሁትን እሠራለሁ፣ ሐሳቤን ግን ይዤው ወደ ቤቴ እገባለሁ። ጋሼን ያስቀየማቸው ገንዘቡ ብቻ አይመስለኝም።

ጡረተኛ ከሰኞ ገበያ

አሰላሙ ዐለይኩም። ልጄ፣ ዕድሜዬን በምርት ክፍል ነው የጨረስሁት፤ እንዲህ ያለ ሰው በእጄ አልፏል። ከላይ ያለው ወንድማችን ስለ ሕጉ የተናገረው ትክክል ነው። ነገር ግን ማስጠንቀቂያ አለመጻፍሽ ጥፋትን ያስቀራል እንጂ ዙረቱን አይመልሰውም።

አንቺ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብሁት። የጠዋቱ ዙረት በየትኛው ወረቀት ላይ ተጽፎ ያውቃል? በሥራ መዘርዝሩ ላይ የለም፣ በምዘና ቅጹ ላይ ነጥብ የለውም፣ በደመወዝ ፔሮሉ ላይ አንድ ሳንቲም የለውም። ፋብሪካው ለዓመታት ሲጠቀምበት የኖረ ሥራ ነው፤ መኖሩ የታወቀው ግን ሲቀር ነው። እንግዲህ ድርጅቱ ይህን ሥራ የሚፈልገው ከሆነ ሥራ ብሎ ይመዝግበው። የቅድመ ጥገና ፍተሻ የሚባል መደብ ይከፈት፣ ደረጃና ደመወዝ ይወሰንለት፣ ለፍተሻው ሰዓት ይመደብለት፣ ባለሙያው የሰሙትን የሚጽፉበት መዝገብ ይኑር፣ ሁለት ወጣቶችም አብረዋቸው እየዞሩ ይማሩ። ዲግሪ የያዘው ልጅም በዚህ አይጎዳም፤ እንዲያውም ዕቅዱን የሚያወጣበት መረጃ ያገኛል።

«ገንዘብ የለም» እንደሚሉሽ አውቃለሁ። በ2014 ዓ.ም. አገራችን ከአጎዋ (ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል) ከወጣች ወዲህ፣ ምርቱን ወደ አሜሪካ ይልክ የነበረ ሁሉ ገበያው ጠቦበታል፤ የመለዋወጫ ዋጋም ከዶላር ጋር ይወጣል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን መለዋወጫ ከተወደደ ሳይቃጠል በፊት የሚደርስበት ሰው ዋጋው ከቀድሞው ከፍ አለ ማለት ነው። አንድ ኩሽኔታ ሲቃጠል ዘንጉን ይዞ ይሄዳል፤ ማሽኑ ሲቆም ኦፕሬተሮቹ ቆመው ይውላሉ፣ ደመወዛቸው ግን ይከፈላል። የዚያን ፈረቃ ኪሣራ አስልተሽ ከአንድ የደረጃ እድገት ጭማሪ ጎን አስቀምጪው፤ ሥራ አስኪያጆች የሚሰሙት ይህን ቋንቋ ነው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ሽማግሌ ልከሽ ወይም ቡና ጠርተሽ «ለእኔ ሲሉ» እንዳትያቸው። ስለሚያከብሩሽ እሺ ይሉሻል፣ ዙረቱንም በነጻ ይቀጥላሉ፤ የተበደሉት ነገር ግን እንዳለ ይቀመጣል። እሳቸው ከአንቺ ጋር አልተጣሉም።

ነርስ ከደሴ

የሁላችሁም ሐሳብ ጠቅሞኛል፤ ሆኖም በእኛ ሙያ ነገሩ ይከብዳል። እኔ በምሠራበት የሕክምና ተቋም ብዙዎቻችን ተስፋ ቆርጠናል። የተረኝነት ክፍያ ይዘገያል፣ የተማረና ያልተማረ በአንድ ዓይን ይታያል። ማሽን ሲቆም የሚከስረው ባለቤቱ ነው፤ እኛ «የታዘዝሁትን ብቻ» ስንል ግን የሚጎዳው ከወረባቦ ወይም ከተንታ ድረስ ታሞ የመጣ ገበሬ ነው፤ እሱ ደግሞ እኛን አልበደለም።

ስለዚህ እኔና ባልደረቦቼ የምንተወውንና የማንተወውን ለይተናል። ከሥራ መዘርዝራችን ውጭ የሆነ ሪፖርት ማሟላት፣ ያለ ክፍያ ስብሰባ መቀመጥ፣ የሰው ጎደሎ ሁልጊዜ በእኛ ዕረፍት መሸፈን ትተናል። በሽተኛን ዞሮ ማየት፣ ለተተኪው ተረኛ በቂ ርክክብ ማድረግ፣ ቤተሰብን በትዕግሥት ማስረዳት ግን አልተውንም። ቅሬታችንንም በጽሑፍ፣ በስማችንና በፊርማችን አስገብተናል፤ መልስ ገና እየጠበቅን ነው። ጋሼም ዙረታቸውን ከማቆማቸው በፊት ቅሬታቸውን ጽፈው ነበርን? ካልጻፉ ዝምታቸውን አለቆቻቸው እንደፈለጉ ይተረጉሙታል፤ ሥራ አስኪያጁም «ሆን ብሎ ነው» ያለው ለዚህ ይመስለኛል።

የሐረጎ መንገደኛ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ አባቴ፣ በተለይ «ለእኔ ሲሉ አትበይ» ያሉኝን በጊዜው ነው የሰማሁት፣ ልለምናቸው አስቤ ነበርና።

ትናንት ከፈረቃ በኋላ አነጋገርኋቸው። ቅሬታ ጽፈው እንደሆነ ስጠይቃቸው «ጽፌያለሁ፣ ገቢ ሆኖ ማኅተም ተመቶበታል፣ መልስ የለውም» ብለው ከኪሳቸው የታጠፈ ቅጂ አውጥተው አሳዩኝ። የጠየቁት የኃላፊነቱን ቦታ አይደለም፤ ያልተመረጡበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲገለጽላቸውና አገልግሎታቸው በደመወዛቸው እንዲታይ ነው። የሌሊት ጥሪዎቹም ክፍያ እንዳልነበራቸው ነገሩኝ። የይርጋውን ነገር አያውቁም ነበር፤ ከማኅበራችን ጸሐፊ ጋር አገናኝቻቸዋለሁ።

ማስጠንቀቂያውን እንደማልጽፍ ለሥራ አስኪያጁ አስታውቄያለሁ፤ አልተደሰተም። በምትኩ ማሽኑ የቆመበትን ሰዓት፣ የተቃጠለውን ዕቃ ዋጋና ያልተመረተውን ክር አስልቼ፣ የቅድመ ጥገና ፍተሻ መደብ እንዲከፈት የሚጠይቅ ማስታወሻ አዘጋጅቻለሁ፤ መልስ ያላገኘውን ቅሬታቸውንም አባሪ አድርጌዋለሁ። የአፈጻጸም ነጥባቸውን በታዘዙት ሥራ ልክ ሞልቼ ፈርሜበታለሁ። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ መደብ በፋብሪካው ያስከፈተ ካለ፣ ደረጃው ከክፍል ኃላፊው በታች ይሁን ወይስ እኩል የሚለውን እንዴት እንዳስወሰነ ቢጽፍልኝ፣ ሰኞ ከማስገባቴ በፊት አስተካክለዋለሁ።