ለሳሎን ቲቪ የሚሆን ኮምፒውተር፦ የቱ ፕሮሰሰር? ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ?

የአያት ልጅ፦

ሰላም ቤተሰብ። ሳሎን ካለው ቲቪ ጋር የሚሰካ ኮምፒውተር ልገዛ ነው፤ እስኪ ምክር ጣል አድርጉልኝ።

ቲቪው ባለ 55 ኢንች 4ኬ ነው። ጌም የለም፣ ኤዲቲንግ የለም። አንድ ሃርድ ዲስክ ሙሉ ቪዲዮ አለን፦ የእህቴ ሰርግ፣ ፊልሞች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዋሽንግተን ያለው ወንድሜ በአይፎን እየቀረጸ በቴሌግራም እንደ ፋይል የሚልካቸው የልጆቹ ቪዲዮዎች። እማዬ እነሱን በትልቁ ስክሪን ማየት ትፈልጋለች። አሮጌው ላፕቶፔ ግን የወንድሜን ቪዲዮ ስከፍትበት ፋኑ ይጮሃል፣ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ድምፁ ቀድሞ ይሄዳል። የሰርጉን ግን ያለችግር ያጫውታል።

ሦስት አማራጭ አለኝ። አንዱ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው፤ ኮር አይ7 4770፣ 16 ጊጋ ራም። ሻጩ "ይሄ ሁሉን ይችላል" ብሎኛል። ሁለተኛው ትንሽዬ የቢሮ ኮምፒውተር፣ ኮር አይ5 7500ቲ፣ 8 ጊጋ። ሦስተኛው ወንድሜ ለገና ሲመጣ በሻንጣው ይዞልኝ የሚመጣ ኢንቴል ኤን100 ያለው ሚኒ ፒሲ። ሻጩ ኤን100 ስለው ሳቀብኝ። ዊንዶውስ ልጫን ሊኑክስ እሱንም አልወሰንኩም። እማዬ ማውስ አትነካም። ሪሞት ብቻ ነው የምታውቀው።

ቦሌ ሚካኤል፦

አይ7ቱን ያዘው፣ አታስብ። 16 ጊጋ ራም አለው። ነገ ፎቶሾፕ ልጫንበት ብትል ይችልልሃል። አይ7 አይ7 ነው።

ጠጋኙ፦

ቦሌ ሚካኤል አይቆጣኝና አይ7ቱን አትግዛ። ለሌላ ሥራ ጎበዝ ማሽን ነው። ላንተ አይሆንም።

የወንድምህ አይፎን የሚቀርጸው ኤችኢቪሲ በሚባለው ፎርማት ነው። አፕል ከ2017 ጀምሮ ነው የተጠቀመበት። ፋይሉ ያንሳል፣ ለማጫወት ግን ከባድ ነው። አዳዲሶቹ አይፎኖች ኤችዲአር (ብርሃኑና ቀለሙ የሰፋ ምስል) ሲቀርጹ ደግሞ ባለ 10 ቢት ያደርጉታል፤ ከተለመደው 8 ቢት የበለጠ የቀለም ደረጃ አለው ማለት ነው። የሰርጉ ቪዲዮ ኤች264 የሚባለው የቀድሞው ፎርማት ሳይሆን አይቀርም፤ እሱን አሮጌ ላፕቶፕም አያቅተውም።

ስለዚህ አይ3፣ አይ5፣ አይ7 የሚለውን ለጊዜው እርሳው። ግራፊክሱ ውስጥ ቪዲዮ ዲኮድ ለማድረግ (የታመቀውን ፋይል ወደ ምስል ለመፍታት) ብቻ የተሠራ ክፍል አለ። ገንዘብህን የምትከፍለው ለእሱ ነው። ኢንቴል ላይ ፎርዝ ጄኔሬሽን (አራተኛው ትውልድ)፣ ማለትም ያንተ 4770፣ ኤችኢቪሲን በዚያ ክፍል አያስተናግድም። ሸክሙ በሙሉ የፕሮሰሰሩ ኮሮች ላይ ይወድቃል፣ ላፕቶፕህ ላይ ያየኸው ጩኸት ትንሽ ሻል ብሎ ይቀጥላል። ሲክስዝ ጄኔሬሽን 8 ቢቱን ይችላል። ባለ 10 ቢቱን በወጉ የቻለው ሰቨንዝ ነው፣ ማለትም 7500ቲው። ዩቲዩብ ለ4ኬ የሚጠቀምበትን ቪፒ9ንም ይችላል። ኤቪ1 የሚባለው አዲሱ ፎርማት የገባው ከኢሌቨንዝ ወዲህ ነው።

ኤን100 በ2023 የወጣ ነው፣ ሁሉንም ያጫውታል። አራት ትንንሽ ኮር ብቻ ነው ያለው፤ ሻጩን ያሳቀው ይሄ ይሆናል። ይሳቅ። የኤን100 ቲዲፒ (ሲሠራ የሚያወጣው ሙቀት መለኪያ) 6 ዋት ነው፣ የ4770 ደግሞ 84 ዋት። የቢሮ ፋን ሳሎን ውስጥ ሲጮህ ምን እንደሚመስል አንተው ታውቀዋለህ።

ገመዱንም አስብበት። የ4770ም የ7500ቲም ኤችዲኤምአይ፣ ቦርዱ ላይ ተጨማሪ ቺፕ ከሌለ፣ 4ኬን በ60 ኸርዝ (በሴኮንድ 60 ምስል) አያወጣም። በዲስፕሌይፖርት ያወጣሉ። 7500ቲውን ከገዛህ ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ 2.0 የሚቀይር አክቲቭ (በውስጡ መቀየሪያ ቺፕ ያለው) አዳፕተር ያስፈልግሃል፤ ርካሹ አዳፕተር አይሠራም። ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም ስለሆነ ከ60 ኸርዝ በታችም ይታያል። ወንድምህ በ60 ፍሬም የቀረጸው ግን ያስታውቃል።

እኔን አትመነኝ፣ ሱቅ ሄደህ ሞክር። ከወንድምህ ቪዲዮዎች አንዱን በፍላሽ ይዘህ ሂድ። ቪኤልሲ በሚባለው ነጻ ማጫወቻ ክፈተው፤ የዊንዶውሱ ማጫወቻ ለኤችኢቪሲ ከስቶር ግዛ ሊልህ ይችላል፣ ያ ደግሞ የዶላር ጣጣ ነው። ከዚያ ታስክ ማናጀርን ክፈትና ፐርፎርማንስ፣ ቀጥሎ ጂፒዩ (ግራፊክሱ) ውስጥ ግባ። "ቪዲዮ ዲኮድ" የሚለው መስመር ከፍ ብሎ ሲፒዩው (ፕሮሰሰሩ) ዝቅ ካለ ጥሩ ነው። ተቃራኒው ከሆነ ሻጩን አመስግነህ ውጣ።

ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ላይ ጥያቄው ቪዲዮው ከየት ይመጣል ነው። ያንተ ከሃርድ ዲስክ ነው። ሊብሬኤሌክ ጫን። ሊኑክስ ነው፣ ግን ኮዲ የሚባለውን የቪዲዮ ማጫወቻ ከማስነሳት ሌላ ሥራ የለውም። ሲበራ በቀጥታ ኮዲ ይመጣል። ዴስክቶፕ የለ፣ "አፕዴት ላድርግ?" የሚል የለ። እናትህ በሪሞቱ ቀስት ብቻ ይሄዳሉ። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ 2025 አልቋል። 7500ቲ ደግሞ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ከፈቀዳቸው ዝርዝር ውስጥ የለም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ጠጋኙ ያለው ልክ ነው፣ እኔ የስትሪሚንጉን ልጨምር። ኔትፍሊክስ የምታዩ ከሆነ ሊኑክስ ላይ በ4ኬ አታገኙትም። ከሁለቱ 4ኬ የሚመጣው ዊንዶውስ ላይ ነው፣ ለምሳሌ በኤጅ ብራውዘር። እኛ ቤት በዚህ ምክንያት ዊንዶውስ 11 ነው ያለው። ባለቤቴ ኪቦርዱን ሶፋው ላይ አስቀምጦ ነው የሚኖረው። ለእናት አይሆንም። ኔትፍሊክሱን ለቲቪው አፕ ተውለት።

ወንድምህ ሚኒ ፒሲውን ሲገዛ ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ይፈልግ። ካለው የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው የሚያስፈልግህ። 110 ብቻ የሚል ከሆነ ግን 220 ላይ ሰክተህ እንዳታቃጥለው።

የአያት ልጅ፦

እናመሰግናለን! ቅድም ፍላሹን ይዤ ሱቅ ሄድኩ። አይ7ቱ ላይ ሲፒዩው ጣሪያ ነካ፣ "ቪዲዮ ዲኮድ" ዜሮ። ሻጩ "ፍላሽህ ቫይረስ አለበት" አለኝ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። እኛ ሰፈር አያት መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ሲመጣ ማን ያበራዋል? ሌላው፣ የወንድሜ ልጆች የሚያወሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ለእማዬ የአማርኛ ሰብታይትል እየጻፍኩላት ነው። ቲቪው ላይ በፍላሽ ስከፍተው ፊደሉ ሁሉ ሳጥን ሳጥን ይሆናል።

ቦሌ ሚካኤል፦

ቫይረስ 😂 እሺ ተረታሁ። አይ7ቱ በስንት ነው ግን? ለፎቶሾፕ እፈልገዋለሁ።

ጠጋኙ፦

መብራቱ፦ ብዙዎቹ ሚኒ ፒሲዎች ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ሴቲንግ) ውስጥ ኃይል ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ ምርጫ አላቸው። "ፓወር ኦን" አድርገው። ወንድምህ ከመግዛቱ በፊት ይህ እንዳለው ይጠይቅልህ። ለሃርድ ዲስኩ ግን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚይዝ ባትሪ) ግዛለት፤ እየተሽከረከረ መብራት ሲጠፋበት አይወድም። የልጆቹን ቪዲዮ ሌላ ቦታም ኮፒ አድርገህ አስቀምጥ።

ሰብታይትሉ፦ ፋይሉን ሴቭ ስታደርግ ኢንኮዲንግ ከሚለው ዩቲኤፍ 8ን ምረጥ። ከዚያ የግዕዝ ፊደል ያለበት ፎንት፣ ለምሳሌ በነጻ የሚገኘውን አቢሲኒካ ኤስአይኤል፣ ኮዲ ሚዲያ ፎልደር ውስጥ ካለው የፎንት ፎልደር ጨምርና ከሰብታይትል ሴቲንግ ምረጠው። ፊደሉን ተለቅ አድርግላቸው።

ሪሞቱ፦ የኮምፒውተር ኤችዲኤምአይ አብዛኛውን ጊዜ የቲቪውን ሪሞት ትእዛዝ አይቀበልም። ዩኤስቢ መቀበያ ያለው ሪሞት ለብቻው ያስፈልግሃል፤ ቁልፉ ያነሰውን ምረጥ። አንተ ራስህ ኮሬ የሚባለውን የኮዲ አፕ ስልክህ ላይ ጫን፤ እናትህ የሆነ ቦታ ከገቡና መውጣት ካቃታቸው ሌላ ክፍል ሆነህ ታወጣቸዋለህ። ዲሹን ከኮምፒውተሩ ጋር ላገናኝ እንዳትል። ሪሲቨሩ ኤችዲኤምአይ 1 ላይ እንዳለ ይቀመጥ፣ ኮምፒውተሩን 2 ላይ ሰካ።