ጥቆማ፦ በእጅ ለሚጎርስ የበቀቀን ጫጩት የትኛው ዱቄት፣ የትኛውስ ማጉረሻ ይሻላል?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ኮካቲየል የሚባለውን ትንሽ በቀቀን ጫጩት እረከባለሁ። ያን ጊዜ አራት ሳምንት ይሞላዋል፤ ገና ራሱን ችሎ አይበላም። ከዚህ በፊት በቀቀን አሳድጌ አላውቅም፤ አርቢው «በእጅሽ አጉርሰሽ ካላሳደግሽው አይላመድሽም» ስላሉኝ ነው የተስማማሁት። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ኬይቲ ኤግዛክት፣ ኑትሪበርድ ኤ21 እና ሃሪሰንስ ከሚባሉት የጫጩት ዱቄቶች ለጀማሪ የትኛውን ትመክራላችሁ? ማጉረሻውስ ሲሪንጅ ይሁን ወይስ ማንኪያ? የተጠቀማችሁበትን ከነምክንያቱ ብትነግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

የማለዳ ዜማ፦
እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከኬይቲ ኤግዛክት በቀር ሌላ ዱቄት ወደ ቤቴ አስገብቼ አላውቅም። በሞቀ ውኃ ሲበጠበጥ ሳይጓጉል ይላላል፤ ጫጩቶቹም ሽታውን ገና ሲሰሙት አፋቸውን ይከፍታሉ። ያሳደግኋቸው አሥራ አንድ ጫጩቶች ሁሉ በእርሱ አድገው አንዱም አልታመመብኝም። ሌሎቹን አልሞከርኋቸውም፤ መሞከርም አያስፈልገኝም። ሳትጠራጠሪ እርሱን ግዢ።

አንድ ክንፍ፦
እህቴ፣ ዱቄት ከመምረጥሽ በፊት በእኔ የደረሰውን ስሚ። የመጀመሪያ ወፌ ኮኑር የሚባል የበቀቀን ዓይነት ጫጩት ነበር። ያስረከበኝ ሻጭ ምንም ጽሑፍ በሌለው ላስቲክ ዱቄት ቋጥሮ ሰጠኝና «ለእጅሽ ለብ ካለ በቂ ነው» ብሎ ሸኘኝ። በሦስተኛው ቀን የቀዘቀዘውን ምግብ በማይክሮዌቭ አሞቅሁት። ከላይ በጣቴ ስነካው ለብ ያለ ነበር፤ መሐሉ ግን ያቃጥል እንደ ነበር የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው። ጫጩቱ በዚያ ቀን ጎርሶ ተኛ፣ በማግስቱም ጎረሰ፣ ምንም የሆነ አይመስልም ነበር። ከስድስት ቀን በኋላ የደረቱ ላባ ርሶ አገኘሁት። ላባውን ገለጥ አድርጌ ሳይ አንገቱ ሥር ያለው የምግብ ከረጢት ቆዳው ጠቁሮ ተበስቷል፤ ያጎረስሁት ሁሉ በቀዳዳው ይፈስሳል። ሐኪሙ ወዲያው ሊሰፉት አልቻሉም፤ የሞተው ሥጋ ከጤናማው ተለይቶ እስኪታይ መጠበቅ ግድ ሆነ። እነዚያን ቀናት በጥቂት በጥቂቱ እያጎረስሁ፣ የሚፈስሰውንም እየጠረግሁ አሳለፍሁ። በመጨረሻ ተሰፍቶ ዳነ፤ ዘንድሮ አምስት ዓመቱ ነው። ያ የጠቆረ ቆዳ ግን ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም። ስለዚህ ራሱን ያልቻለ ጫጩት ለጀማሪ የሚያስረክብ ሻጭን ጨርሶ አትመኚ እላለሁ።

ሰፊው ኬጅ፦
ከምግቡ ይልቅ ቤቱ ያሳስበኛል። ለኮካቲየል ክንፉን ዘርግቶ የሚንቀሳቀስበት ሰፊ ኬጅ ያስፈልገዋል፤ የሽቦዎቹም ክፍተት ጭንቅላቱን የሚያሾልክ መሆን የለበትም። ኬጁን ወጥ ቤት አጠገብ አታስቀምጪው፤ ምግብ የማይይዘው የቴፍሎን መጥበሻ ከልክ በላይ ሲግል የሚያወጣው ጢስ በቀቀንን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ይህን ሳያውቁ ወፋቸውን ያጡ ሰዎች አውቃለሁ።

ቀጥታ መልስ፦
የመጥበሻው ማስጠንቀቂያ እውነት ነው። ነገር ግን የአራት ሳምንት ጫጩት ለጊዜው የሚያድረው በማሞቂያ ሳጥን እንጂ በኬጅ አይደለም፤ ጠያቂዋም የጠየቁት ስለ ዱቄትና ስለ ማጉረሻ ነው። አንደኛው መላሽ ሦስት ዱቄት እንዲያወዳድሩ ተጠይቀው ሁለቱን ቀምሼ አላውቅም አሉ፤ ሁለተኛዋ ስለ ሻጭ ነገሩን፤ ሦስተኛው ኬጅ አመጡ። አራተኛው ስለ ወፍ መጫወቻ ከመንገራቸው በፊት አንድ ሰው ጥያቄውን ቢመልስላቸው ደግ ነበር።

የማለዳ ዜማ፦
ለእኔ ማስረጃዬ አሥራ አንዱ ወፎቼ ናቸው። በየጠዋቱ ድምፃቸውን እየሰማሁ ሌላ ዱቄት አወዳድር መባሌ አይገባኝም።

የወንዝ ዳር፦
አንድ ክንፍ፣ በደረሰብሽ አዝናለሁ፤ ሆኖም ያቃጠለው ማይክሮዌቩ እንጂ ሻጩ አይደለም። ቴርሞሜትር ብትጠቀሚ ኖሮ በዚያው ዱቄት በሰላም ታሳድጊው ነበር።

አንድ ክንፍ፦
ጥፋቱን ከራሴ አላወረድሁም፤ ያሞቅሁት እኔ ነኝ። ነገር ግን ስንት ዲግሪ እንደሚሆን የነገረኝ አልነበረም፤ መጠየቅ እንዳለብኝም አላወቅሁም። ጀማሪ ማለት እኮ ይኸው ነው። የሚሸጥ ሰው ሦስት ጊዜ ከጎኑ አስቁሞ ሳያለማምድ ጫጩት ማስረከብ የለበትም።

የወንዝ ዳር፦
በዚህኛው እስማማለሁ።

ሚዛን ያዥ፦
መልሴ ይረዝማልና ይታገሡኝ፤ ጫጩቶችን በእጄ ሳጎርስ ብዙ ዓመት ሆኖኛል።

በዱቄቱ ልጀምር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ በወጣ ጥናት የኮካቲየል ጫጩቶች በተሻለ ሁኔታ ያደጉት ምግባቸው 20 በመቶ ፕሮቲን ሲይዝ ነበር። ኤ21 በስሙ እንደሚያመለክተው 21 በመቶ ፕሮቲን አለው። ወንድሙ ኤ19 ደግሞ ፕሮቲኑ ዝቅ፣ ስቡ ከፍ ያለ ስለሆነ እንደ ማካውና እንደ ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን ላሉት ይመረጣል፤ ለኮካቲየል ኤ21ን ይውሰዱ። ሃሪሰንስ ከኦርጋኒክ ግብዓት የሚሠራ ነው፤ አዲስ ለተፈለፈሉና ከዚያ ከፍ ላሉት የተለያየ ዓይነት ስላለው ሲገዙ የዕድሜውን ልብ ይበሉ። ኬይቲም የማለዳ ዜማ እንዳሉት በቀላሉ የሚበጠበጥ ጥሩ ምግብ ነው። ሁሉም ለጫጩት ተብለው የተሟሉ ናቸውና አንዱን ከሌላው የሚያስበልጥ ትልቅ ልዩነት አላየሁም። ጫጩቱ አርቢው ዘንድ የለመደው የትኛው እንደሆነ ይጠይቁና ቢያንስ መጀመሪያ ላይ በዚያው ይቀጥሉ፤ መለወጥ ካስፈለገ በጥቂት ቀናት ውስጥ እየቀላቀሉ ይለውጡ። ማር፣ የሕፃን ምግብ ወይም ቫይታሚን አይጨምሩበት፤ የተመጣጠነውን ያዛቡታል።

ከዱቄቱ ይልቅ ሙቀቱን እንዲፈሩ እለምንዎታለሁ። ምግቡ ሲጎርስ ከ39 እስከ 41 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት። ከ43 ካለፈ የምግብ ከረጢቱን ያቃጥላል፤ አንድ ክንፍ የነገሩን ይኸንኑ ነው። ከ38 በታች ከሆነም ጫጩቱ እምቢ ይላል፣ ወይም ምግቡ ከረጢቱ ውስጥ ሳይወርድ ይቀራል። ጣት እዚህ ላይ አይታመንም። ጫፉ ምግቡ ውስጥ የሚገባ ዲጂታል ቴርሞሜትር ይግዙ፤ የተበጠበጠውን ሙቅ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ኩባያ ያሙቁ፤ ደኅና አድርገው ካማሰሉ በኋላ ይለኩና ያጉርሱ። የተረፈውን ይድፉት እንጂ ለሚቀጥለው ጊዜ አያስቀምጡት፤ ዕቃውንም ሁልጊዜ አጥበው በፀረ ጀርም ያጽዱ።

ስለ ማጉረሻው የጠየቁት ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሲሪንጅ መጠኑን በትክክል ያሳያል፤ ችግሩ እጅዎ ከጫጩቱ ከፈጠነ ምግቡ ወደ አየር ቧንቧው መግባቱ ነው፤ ሳንባው ከደረሰ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ጎንና ጎኑ ወደ ላይ የተቆለመመ ማንኪያ ቀርፋፋ ነው፣ ያቆሽሻል፣ ምግቡም ቶሎ ይቀዘቅዝበታል፤ ነገር ግን ጫጩቱ በራሱ ፍጥነት ይወስዳል። አንድ ጫጩት ብቻ ላለው ጀማሪ እኔ ማንኪያን እመርጣለሁ፤ ስንት እንደጎረሰ ለማወቅ ከማጉረስዎ በፊትና በኋላ ጫጩቱን ይመዝኑት። በቱቦ በቀጥታ ከረጢቱ ውስጥ ማስገባት የሠለጠነ ሰው ሥራ ነውና አይሞክሩት። ሲሪንጅ ከመረጡ ግን በጫጩቱ የግራ መንቆር በኩል አስገብተው ወደ ቀኝ ያቅኑት፤ የምግብ ቧንቧው በአንገቱ ቀኝ በኩል ይወርዳልና። ጭንቅላቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ በጉጉት ሲጎርስ የአየር ቧንቧው ይዘጋል፤ መግፋት ያለብዎ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ካቆመ እርስዎም ያቁሙ።

በአንድ ጊዜ የሚጎርሰው ከክብደቱ አንድ አሥረኛው ያህል ነው፤ 80 ግራም ለሚመዝን ጫጩት 8 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። የምግብ ከረጢቱ ሲነካ ለስለስ ብሎ የሞላ እንጂ የተወጠረ እንዳይሆን። ሌሊቱን ባዶ መሆን አለበት፤ የማታው ምግብ ጠዋት ካለ በላዩ አይጨምሩ። ግራም የሚለይ ሚዛን ገዝተው በየጠዋቱ ከመጀመሪያው ጉርሻ በፊት ክብደቱን ይመዝግቡ፤ ለእኔ ከሦስቱ ዱቄቶች ሁሉ ይበልጥ ጫጩት ያዳነልኝ ይህ ደብተር ነው። ራሱን መቻል ሲጀምር ክብደቱ ትንሽ ዝቅ ቢል አይደንግጡ፤ የኮካቲየል ልማድ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ወፍን ከሰው የሚያላምደው ጉርሻው አይደለም። በየቀኑ በእርጋታ የተያዘ፣ የተነጋገሩት ጫጩት በወላጆቹ ቢጎርስም ይላመዳል። አርቢው ከሰባት እስከ አሥር ሳምንት ድረስ፣ ራሱን ችሎ እስኪበላ እንዲያቆዩልዎና እርስዎ እየሄዱ እንዲጎበኙት ቢጠይቁ ይህ ከማንኛውም ዱቄት የተሻለ ምርጫ ነው። ካልሆነም ከመረከብዎ በፊት ጥቂት ቀን እርሳቸው ፊት ያጉርሱት።

ቀጥታ መልስ፦
ከልብ አመሰግናለሁ። የጠበቅሁት ይህን ነበር።

የማለዳ ዜማ፦
ኬይቲ ጥሩ ምግብ መሆኑን ሚዛን ያዥም መስክረዋል።

ጀማሪዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጫጩቱን ትናንት ተረከብሁ፤ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርቢው ፊት አጉርሼዋለሁ። ዛሬ ጠዋት 82 ግራም መዘነ፤ ነገር ግን የማታው ምግብ ግማሽ ያህሉ ከረጢቱ ውስጥ አለ። አልጨመርሁበትም። ምን ላድርግ?

ሚዛን ያዥ፦
ባለመጨመርዎ ደግ አደረጉ። የሳጥኑን ሙቀት አሁኑኑ ይለኩ፤ ላባው ሙሉ በሙሉ ላልሸፈነው ጫጩት 27 ዲግሪ ገደማ ያስፈልገዋል፤ ሲበርደው ሆዱም ይዘገያል። ከረጢቱን ጨምቀው ለማውረድ አይሞክሩ። የማታው ምግብ እስከ ጠዋት መቆየቱ ግን የእርሾ (የፈንገስ ዓይነት) ወይም የባክቴሪያ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሳጥኑን ብቻ አሙቀው አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ወፍ ለሚያውቅ ሐኪም ያሳዩት።

አንድ ክንፍ፦
እህቴ፣ እንደ እኔ ነገን አትጠብቂ። በመንገድም አሙቀሽ ያዢው።

ጀማሪዋ፦
ሳጥኑ 22 ዲግሪ ብቻ ነበር፤ ሌሊት ማሞቂያው ጠፍቶ አድሯል። ሐኪሙ ናሙና ወስደው መርምረው እርሾ አላገኙበትም፤ ከሞቀ በኋላም እኩለ ቀን ሳይሞላ ከረጢቱ ባዶ ሆነ። ለዛሬ ቀጠን አድርጌ 5 ሚሊ ሊትር ብቻ እንዳጎርሰው አዘዙኝ። ጭንቅላቱን እያነቃነቀ በጉጉት ጎርሶ አሁን ተኝቷል።

የማለዳ ዜማ፦
እግዚአብሔር ይመስገን። በመጨረሻ የትኛውን ዱቄት ገዛሽ?

ሚዛን ያዥ፦
ነገ ጠዋት ከመጀመሪያው ጉርሻ በፊት መዝነው ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።